የዓሣ ዘይት ውስጥ ያለው አርሰኒክ፦ እንክርዳዱን ከስንዴው መለየት

በቤር ሼቫ፣ በሃዒር ሃዓቲቃም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ኦሜጋ 3 የሚባለውን የዓሣ ዘይት ስሙን ያልሰማ አዛውንት ጥቂት ነው። ልጅ ከቤት መርቃሃት ገዝቶ ያመጣል፣ የልጅ ልጅ «ለልብ ጥሩ ነው» ይላል፣ ጎረቤት «ለጉልበቴ ረዳኝ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ አንዱ በስልክ «የዓሣ ዘይት ውስጥ አርሰኒክ አለ» የሚል ወሬ ይልካል። አርሰኒክ በዕብራይስጥ አርሳን ነው፤ መርዝ ማለት ከሆነው ኤሬስ ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል የሰማው ሰው ይደነግጣል። ጠርሙሱ ወይ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፣ ወይ ደግሞ በፍርሃት መዋጡ ይቀጥላል። ሐኪሙን የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም።

ወሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። የዓሣ ዘይት ውስጥ አርሰኒክ በእርግጥ ይገኛል። ግን «አለ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ የትኛው አርሰኒክ ነው፣ ስንትስ ነው የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ደግሞ ሳይንሱ ራሱ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል።

አርሰኒክ ሁሉ አንድ አይደለም

አርሰኒክ ሰው የሠራው ነገር አይደለም፤ በድንጋይ፣ በአፈርና በውሃ ውስጥ ያለ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ነው። ሁለት ዋና ወገን አለው። አንደኛው ኢኦርጋኒክ የሚባለው፣ ከድንጋይና ከጉድጓድ ውሃ የሚመጣው ነው። ጥንት ነገሥታትን ለመግደል ይሰጥ የነበረው ይኸው ነው፤ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አይታወቅም። በ1836 እንግሊዛዊው ኬሚስት ጄምስ ማርሽ መፈተሻ ዘዴ እስኪያወጣ ድረስ በሟች ሰውነት ውስጥ እንኳ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነበር። በትንሽ በትንሹ ለብዙ ዓመት ከተወሰደ ቆዳን ይጎዳል፣ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች አንደኛ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል።

ሁለተኛው ወገን ኦርጋኒክ የሚባለው ነው። የባሕር ፍጥረታት አርሰኒክን ከውሃውና ከሚበሉት ወስደው በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ሌላ ዓይነት ይለውጡታል። በ1977 ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ የባሕር ሎብስተር ውስጥ አርሰኖቤታይን የተባለውን ዓይነት ለዩ። በባሕር ዓሣ ሥጋ ውስጥ በብዛት ያለው እሱ ነው። ሰው ሲበላው ሳይለወጥ በሽንት ይወጣል፤ እንደ መርዝም አይቆጠርም።

እናንተ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። አውድማ ላይ አንድ ቁና እህል ቢለካ፣ ክብደቱ ብቻ ስንቱ ስንዴ ስንቱ እንክርዳድ እንደሆነ አይናገርም። እንክርዳድ የበዛበት እንጀራ ራስ ያዞራል፣ ንጹሑ ስንዴ ግን ቤተሰብ ያጠግባል። ሚዛን ላይ ግን ሁለቱም ያው እህል ናቸው። «ዓሣ ውስጥ አርሰኒክ አለ» የሚለው ወሬም ቁናውን ብቻ ለክቶ እንክርዳዱን ያልለየ ወሬ ነው።

እንዴት ይለካል?

ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ ጠቅላላው አርሰኒክ ይለካል። ዘይቱ በጠንካራ ናይትሪክ አሲድና በሙቀት እስኪበታተን ድረስ ይቀቀላል። ከዚያ ፈሳሹ አይ.ሲ.ፒ. ማስ ስፔክትሮሜትር ወደሚባል መሣሪያ ይገባል። መሣሪያው አርጎን የተባለውን ጋዝ በብዙ ሺህ ዲግሪ ሙቀት ያነድዳል፤ እዚያ ውስጥ የገባው ሁሉ እስከ አተም ድረስ ይፈራርሳል። ከዚያ አተሞቹ በክብደታቸው ይለያሉ፤ የአርሰኒክ ክብደት 75 ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ናሙናው ውስጥ ጨው ካለ፣ የጨዉ ክሎሪን ከአርጎኑ ጋር ተጣብቆ ያው 75 የሚመዝን ነገር ይፈጥራል። መሣሪያው ካልተጠነቀቁበት ጨውን አርሰኒክ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ላቦራቶሪ ይህን የሚያጣራበት መንገድ አለው።

ሁለተኛው ሥራ መለየት ነው። ዓይነቶቹ ክሮማቶግራፊ በሚባል ረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያልፋሉ፤ አንዱ ቶሎ ይወጣል፣ አንዱ ይዘገያል። ልክ በወንፊት እንደሚነፋ ዱቄት ነው፤ ደቃቁ ቀድሞ ይወርዳል፣ ሻካራው ይቀራል።

የዓሣ ዘይት ግን ከዓሣ ሥጋ የባሰ ያስቸግራል፤ ዘይት ከውሃ ጋር አይቀላቀልምና። በዘይቱ ውስጥ ያለው አርሰኒክም ራሱ ስብ ውስጥ የሚሟሟ ዓይነት ነው፣ አርሰኖሊፒድ ይባላል። በኮድ ጉበት ዘይት ውስጥ አርሰኒክ እንዳለ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ምን ዓይነት እንደሆነ በትክክል የተለየው ግን በ2008 ነው፣ በኦስትሪያ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች። ዕውቀቱ ገና አዲስ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሐቁን ሳንደብቅ እንናገር። እነዚህ በስብ የሚሟሟት ዓይነቶች እንደ አርሰኖቤታይን «ምንም አያደርጉም» የሚባሉ አይደሉም። አንዳንዶቹ በላቦራቶሪ ውስጥ በሰው ሕዋሶችና በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሲሞከሩ ጉዳት አሳይተዋል። ሕዋስ በሳህን ላይ መፈተን ግን ሰው አንድ እንክብል ሲውጥ ከሚሆነው ጋር አንድ አይደለም፤ ምርምሩም ቀጥሏል። የሚያጽናናው ነገር፣ ለሰው የሚሸጠው ዘይት ሲጣራ ከጥሬው ዘይት አርሰኒክ ብዙው ይወጣል።

ቁጥሩን አብረን እናስላ

ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለዓሣ ዘይት ያወጣው ወሰን፣ በ1 ኪሎ ዘይት ውስጥ ከ0.1 ሚሊግራም በላይ ኢኦርጋኒክ አርሰኒክ እንዳይኖር ነው። የተለመደው አንድ እንክብል 1 ግራም ዘይት ይይዛል። ዘይቱ በወሰኑ ጫፍ ላይ ቢሆን እንኳ፣ አንዱ እንክብል ውስጥ የሚኖረው 0.1 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት የሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው።

አሁን ከውሃ ጋር እናወዳድረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው፤ የእስራኤልም ይኸው ነው። በወሰኑ ላይ ያለ ውሃ በቀን 2 ሊትር የሚጠጣ ሰው 20 ማይክሮግራም ይወስዳል። ከአንዱ እንክብል 200 እጥፍ ማለት ነው። መርዘኛውን አርሰኒክ የሚፈራ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ጉድጓድ ውሃ ነው።

የጉድጓዱ ነገር

የምንኖርባት ከተማ ስሟ ራሱ ከጉድጓድ የመጣ ነው፤ የአብርሃም ጉድጓድ የሚባለውም በአሮጌው ከተማ ጠርዝ ላይ አለ። ኦሪትም ስለዚህ ጉድጓድ መሐላ ትናገራለች። ጉድጓድ ሕይወት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በእንስራ ተሸክማችሁ አምጥታችኋልና።

ግን ጥሩ ጉድጓድ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ባንግላዴሽ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡ የወንዝና የኩሬ ውሃ እየጠጣ በተቅማጥ እንዳያልቅ ተብሎ ብዙ ጉድጓድ ተቆፈረ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። በ1993 ግን አርሰኒክ እንዳለበት ታወቀ፤ ሚሊዮኖች ሲጠጡት ከቆዩ በኋላ።

በኢትዮጵያም በስምጥ ሸለቆ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ባለበት አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃው ጥርስን የሚያበላሸው ፍሎራይድ እንዳለበት ከጥንት የታወቀ ነው። በ2013 የታተመ ጥናት ደግሞ በዚያው ሸለቆ ካሉ የጉድጓድ ውሃዎች ብዙዎቹ ከ10 ማይክሮግራም በላይ አርሰኒክ እንዳላቸው አሳይቷል። የመጣው ከፋብሪካ አይደለም፤ ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ጎንደርና ስሜን ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ናቸው። ግን በዝዋይ፣ በሻላ ወይም በሐዋሳ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው «ጉድጓዱ ተመርምሯል ወይ?» ብሎ በስልክ ቢጠይቅ መልካም ነው። ውሃ ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ አርሰኒክን አያወጣም።

ታዲያ እንክብሉ ያስፈልጋል ወይ?

ይህ ከአርሰኒኩ የሚበልጥ ጥያቄ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ 25,871 ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤት ታትሟል። በቀን 1 ግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎች በአጠቃላይ ጎልቶ በሚታይ መጠን አልቀነሱም። ደሙ ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ለበዛበት ሰው ሐኪም በከፍተኛ መጠን ሊያዝ ይችላል፤ እሱ ግን መድኃኒት ነው፣ ከመደርደሪያ አንስቶ መዋጥ አይደለም። ከፍተኛ መጠን የልብ ምት መዛባት ሊያመጣም ይችላል።

ወደዚህ አገር ስንመጣ በማኅበረሰባችን ብርቅ የነበረው ስኳር በሽታ ዛሬ ብዙ ቤት ገብቷል። ለስኳርና ለልብ ከእንክብሉ በፊት የሚቀድመው ምግቡ፣ እርምጃውና ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ነው። የዓሣ ዘይት የእነዚህን ቦታ አይወስድም።

አባቶችና እናቶች ምን ያድርጉ?

መጀመሪያ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ኩፓት ሆሊም ሂዱ። «ቪታሚን እኮ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ቁማዲን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ወይም ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያለው ሰው በተለይ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን የልጅ ልጅ ያንብብላችሁ። የአምራቹና የአስመጪው ስም፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ከምን ዓሣ እንደተሠራ መጻፍ አለበት። ስም የሌለውን ወይም ያለ ጽሑፍ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ማን እንደለካው አይታወቅምና። የከሸሩት ምልክትም ይታይ፤ ዘይቱ ክንፍና ቅርፊት ካለው ዓሣ ቢሆንም እንኳ የእንክብሉ ልባስ ጄላቲን ከሌላ እንስሳ ሊሆን ይችላል። አምባዛ ለምን እንደማንበላ የምታውቁ ሰዎች ይህን ለልጆች አስተምሩ።

ሦስተኛ፣ ሐኪም የአርሰኒክ የሽንት ምርመራ ካዘዘ፣ ከዚያ በፊት ለጥቂት ቀን የባሕር ዓሣ አትብሉ፣ የዓሣ ዘይቱንም ንገሩት። አለበለዚያ ጉዳት የሌለው የዓሣ አርሰኒክ ሽንት ውስጥ ይታይና ቁጥሩ ሰውን በከንቱ ያስደነግጣል።

አራተኛ፣ ዓሣ መብላትን አትፍሩ። ገበያው ላይ የምናገኘው አምኑን፣ በአገር ቤት ቆሮሶ የምንለው ዘመድ፣ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ነው፤ እንዲህ ያለው በአጠቃላይ ከባሕር ዓሣ ያነሰ አርሰኒክ አለው።

ጥያቄ ያለው ሰው የጤና ሚኒስቴርን የስልክ መስመር በኮከብ 5400 መደወል ይችላል። በክሊኒኩ አማርኛ የሚናገር አስታራቂ ካለም እሱን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ቋንቋ ተረድታችሁ መወሰን መብታችሁ ነው። ስልክ ላይ የሚመጣው ወሬ «አለ» ብሎ ያቆማል። እናንተ ግን «የትኛው? ስንት? ማን ለካው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያን ያልመለሰ ወሬ እንክርዳዱ ያልተለየ እህል ነው።