የሚረጋው ዘይትና የደኑ ሒሳብ

በአዲስ አበባ፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከሸማቾች ሱቅ የሚገዛው፣ በእንጦጦ ብርድ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ከዓለም የፓልም ምርት ከ80 በመቶ በላይ የሚመጣው ከኢንዶኔዢያና ከማሌዢያ ስለሆነ፣ በሱማትራና በቦርኒዮ ደኖች ላይ የሚካሄደው ምርምር የእኛንም ማዕድ ይመለከታል።

ቀደም ያሉት ጥናቶች የጠፋውን ይቆጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ኮህና ዊልኮቭ፣ ከ1990 እስከ 2005 በሁለቱ አገሮች ከተስፋፋው የፓልም እርሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደን ቦታ እንደተተካ አሳዩ። የከፋው ጉዳት የደረሰው በረግረጋማው ደን ላይ ነው። ለሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ የተከማቸው የዕፅዋት ቅሪት ውኃው ሲጠነፍፍ ይደርቃል፤ እሳት ከያዘውም ከመሬት በታች ይነዳል። በ1997 ኢንዶኔዢያ ውስጥ ከተነሣው ቃጠሎ ብቻ ከ0.81 እስከ 2.57 ቢሊዮን ቶን ካርቦን እንደወጣ ተገምቷል።

ኋላ ላይ ጥያቄው ወደ መፍትሔ ዞረ። በ2004 የተቋቋመው የዘላቂ ፓልም ዘይት ጉባኤ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በኢንዶኔዢያ የደን ምንጠራን በ33 በመቶ መቀነሱን በ2018 የወጣ ጥናት አረጋገጠ፤ ግን ወረቀቱን ያገኙት በአብዛኛው ድሮውኑ ብዙ ደን ያልቀረባቸው አሮጌ እርሻዎች ነበሩ። ለእኔ ይበልጥ ተስፋ የሰጠኝ በሱማትራዋ ጃምቢ የተካሄደው ሙከራ ነው። በፓልም እርሻ መካከል 52 የአገር በቀል ዛፎች ደሴቶች ተተክለው ብዝኃ ሕይወት ጨመረ፣ የአካባቢው ጠቅላላ ምርትም አልቀነሰም።

«ታዲያ ፓልምን ለምን አንተውም?» የሚል ይኖራል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2018 መልስ ሰጥቷል፦ ፓልም ለቅባት እህል ከዋለው መሬት ከ10 በመቶ ባነሰው ላይ እየበቀለ ከዓለም የአትክልት ዘይት 35 በመቶ ያህሉን ይሰጣል፤ ሌሎቹ ሰብሎች ለእኩል ዘይት እስከ ዘጠኝ እጥፍ መሬት ይፈልጋሉ። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ ለሚያውቅ ክርክሩ እንግዳ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን ከማገዶ እጦት የታደገው ዛፍ ውኃና አፈር ያደርቃል ተብሎ ሲከሰስ ኖሯል፤ የሚያዋጣውም ጥያቄ የትና እንዴት ይተከል የሚለው ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ኑግ ላይ ይደርሳል። አንድ ሄክታር ፓልም በአማካይ ከሦስት ቶን በላይ ዘይት ሲሰጥ፣ ኑግ የሚሰጠው የዚያን አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ራሱን በራሱ ስለማያዳቅልና ንብ ስለሚሻ ዝርያውን ማሻሻልም አድካሚ ነው። የኑግ ምርምር ማእከል ሆለታ ነው፤ ከውጭ የሚገባውን ዘይት በኑግ እንተካ ካልን መጀመሪያ የሆለታን ሥራ በገንዘብም በሰውም መደገፍ ይገባናል፤ ምርቱ በሄክታር ሳያድግ እርሻው ብቻ ከሰፋ፣ የሚመነጠረው የራሳችን ደን ነው።