የእናት ገላም ሕክምና ነው
በጣና ዳሯ ባሕር ዳር፣ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ አንዱ ከባድ ፈተናው ብርድ ነው፤ ስስ ገላው ሙቀት አይይዝም። ከእናቱ ደረት ላይ ራቁቱን ሲታቀፍ ግን ይሞቃል፣ ትንፋሹና የልብ ምቱ ይረጋጋል፣ ጡትም ይቀርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናትን ወዲያው እንደተወለዱ ማሳቀፍ ሞትን ከ15.7 ወደ 12 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

«ታዲያ እቅፍ ኦክስጅንን ይተካል?» የሚል ይኖራል። አይተካም፤ በጥናቱም እናቶቹ የገቡት ሕክምናው ወዳለበት ክፍል ነው። ኢንፌክሽን ለሚያሰጋውም መልሱ እጅን በሚገባ መታጠብ እንጂ እናትን ከደጅ ማስቀረት አይደለም። ስለዚህ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሲታቀድ ከማሞቂያው ጎን የእናት አልጋም ይታሰብ።