ማመልከቻ ደጅ ጥናት አይደለም፦ ከመተማ ዮሐንስ ወደ ብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ

አንድ ኢትዮጵያዊ ለብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የሚያቀርበው ማመልከቻ በአገሩ ቢሮዎች ከለመደው ማመልከቻ በጠባዩ ይለያል። በኢትዮጵያ ማመልከቻ የሚባለው ጽሑፍ ከጥንቱ የደጅ ጥናት ሥርዓት ብዙ ወርሷል፤ የአመልካቹን ችግር ይዘረዝራል፣ የአለቃውን መልካም ፈቃድ ይማጸናል፣ በመጨረሻም በአክብሮት ቃል ይዘጋል። የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ክፍል የሚሻው ግን ርኅራኄን የሚቀሰቅስ ሳይሆን ለውሳኔ የሚያበቃ ወረቀት ነው፤ አመልካቹ የተማረውን፣ የሠራውን፣ ሊማር ያሰበውንና ለዚያ ብቁ የሚያደርገውን እያንዳንዱን በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠብቃል። ይህን ልዩነት ማወቅ ለመተማ ዮሐንስ፣ ለገንዳ ውኃና በአጠቃላይ ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ተወላጆች በተለይ ይጠቅማል፤ ሊያቀርቡት የሚችሉት ቁም ነገር ራሳቸው ከሚገምቱት በላይ ሲሆን፣ የሚሰናከሉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በችሎታ ማነስ ሳይሆን በወረቀት፣ በጊዜና በገንዘብ ቅደም ተከተል ነውና።

የኢትዮጵያና የብሪታንያ የትምህርት ግንኙነት አጀማመሩ የሚያስደስት አልነበረም። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ውድቀት በኋላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በቸልትንሃም፣ በራግቢና በሳንድኸርስት እንዲማር ተደርጎ ገና በ18 ዓመቱ በ1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ ዐረፈ፤ ወዶ የሄደ ተማሪ አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን በፈቃዳቸው የሄዱት በዙ፤ ከእነርሱም መካከል በታሪክ ጥናት ስማቸው የገነነው ታደሰ ታምራትና ባሕሩ ዘውዴ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የምሥራቃውያንና የአፍሪካ ጥናቶች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ1968፣ ሁለተኛው በ1976 እ.ኤ.አ. አጠናቀዋል። የባሕሩ ዘውዴ የማሟያ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ኢትዮጵያና ሱዳን ከ1898 እስከ 1935 በምዕራቡ ድንበር የነበራቸው ግንኙነት መሆኑ እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 የወደቁበትና ስማቸውን የያዘው የመተማ ከተማ ነዋሪ ድንበሩን የሚያየው እንደ ኬላ፣ እንደ ገበያና እንደ ስጋት ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ለለንደን መምህራን ግን ይኸው ድንበር ለዶክትሬት የሚበቃ ጥያቄ ነበር።

ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው መንገዱ አንድ ነው፤ ዩካስ በተባለው ማዕከላዊ የማመልከቻ ድርጅት በኩል እስከ አምስት የሚደርሱ ምርጫዎችን በአንድ ቅጽ ያቀርባል። ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለአብዛኛው የሕክምና ትምህርት የጊዜ ገደቡ ጥቅምት 5 ቀን (ኦክቶበር 15) ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ሌሎች ትምህርቶች በጥር የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ይውላል፤ ኦክስፎርድንና ካምብሪጅን በአንድ ዓመት አብሮ መምረጥ ግን አይፈቀድም። ለኢትዮጵያውያን ዋናው እንቅፋት ሌላ ነው። ብዙዎቹ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ብቻውን ለቀጥታ መግቢያ አይቀበሉም፤ አመልካቹ አስቀድሞ የመሠረት ዓመት የሚባለውን የአንድ ዓመት ማሸጋገሪያ ትምህርት በክፍያ እንዲወስድ፣ አለዚያም በአገሩ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲማር ይጠይቃሉ። ከዚህም ጋር የፈተናው ክብደት በውጭ አገር በደንብ አይታወቅም፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ 58 ከመቶ ያመጣን ልጅ የሚደግፍ መምህር ይህን አገራዊ ሁኔታ በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያስረዳ፣ ለንደን ተቀምጦ ቁጥሩን ለሚያነብ ሰው ትርጉሙን ይለውጥለታል።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ከቆላው ለሚነሡ አመልካቾች የተሻለው በር የማስተርስ ትምህርት ነው። በብሪታንያ አብዛኛው በክፍል የሚሰጥ ማስተርስ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ ማመልከቻውም በቀጥታ ለየዩኒቨርሲቲው ይላካል። የሚጠየቁት ሰነዶች የዲግሪ ማስረጃ፣ ትራንስክሪፕት፣ ብዙ ጊዜ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ የሥራና የትምህርት ታሪክ መግለጫና የግል መግለጫ ጽሑፍ ናቸው። የብሪታንያ ዲግሪ በደረጃ የሚከፈል በመሆኑ፣ ለማስተርስ በብዛት የሚጠየቀው ሁለተኛ ደረጃ ላይኛው የሚባለው ሲሆን፣ በእነርሱ አሰጣጥ ከ60 እስከ 69 ነጥብ ማለት ነው፤ ከአራት ነጥብ የሚሰላው የኢትዮጵያ ውጤት ከዚህ ጋር የሚመዛዘነው እንደየዩኒቨርሲቲው ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ አመልካቹ የኢትዮጵያን መስፈርት በእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ማንበብ አለበት። ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚታወስ አንድ ጉዳይም አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን ካልጨረሰ፣ ከጊዜያዊ ማስረጃው በቀር ዋናውን ዲግሪና ይፋዊ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ይቸገራል፤ ይህን ማስተካከል ወራት ሊወስድ ስለሚችል ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥ በፊት ሊጀመር የሚገባው ሥራ ነው።

የስም አጻጻፍም ቀላል አይምሰል። ዮሐንስ የሚለው ስም ብቻ በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ሊጻፍ ስለሚችል፣ በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት ላይ የተለያየ ሆኖ ሲገኝ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያስመስላል፤ የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ሲመለስ የሚፈጠረው የቀናት ወይም የዓመት ስሕተትም እንዲሁ ነው። መርሁ አንድ ነው፤ ፓስፖርቱ አስቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ሁሉ በእርሱ ልክ ይጻፋል።

የማመልከቻው ልብ የግል መግለጫ ጽሑፍ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዩካስ ከ2026 መግቢያ ጀምሮ ይህን ጽሑፍ በሦስት ጥያቄዎች ከፍሎታል፤ ትምህርቱ ለምን እንደተመረጠ፣ እስካሁን ያለው ትምህርት አመልካቹን እንዴት እንዳዘጋጀው፣ ከትምህርት ቤት ውጪም ምን የሚጠቅም ነገር እንዳደረገ የሚጠይቁ ሲሆኑ፣ ጠቅላላ መጠናቸው ከ4,000 ሆሄያት አይበልጥም። በማስተርስም ጥያቄው በመሠረቱ ይኸው ነው። ደጅ የመጥናት ልማድ አመልካቹን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ድህነቱ፣ ስለ ቤተሰቡ መሥዋዕትነትና ስለ ልጅነት ሕልሙ በሰፊው ጽፎ፣ ስለ ትምህርቱ ሁለት መስመር ብቻ ያስቀምጣል። የቆላው ሰው ግን የሚጽፈው አያጣም። በመተማና በሑመራ ሜዳዎች ካላዛር የተባለው፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍና ካልታከመ የሚገድል በሽታ፣ በአብዛኛው የሚያጠቃው ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱትንና ሌሊቱን ሜዳ ላይ የሚያሳልፉትን የቀን ሠራተኞች ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዚህ በሽታ ላይ የሚሠራ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለ። በጤና ጣቢያ የሠራ አንድ የጤና መኮንን፣ ሕሙማኑ ዘግይተው የሚመጡት ለምን እንደሆነ፣ በምርመራ ወቅት ከወባ ጋር የሚምታታበትን ምክንያትና መልስ ያላገኘለትን ጥያቄ በግልጽ ቢጽፍ፣ በ1899 እ.ኤ.አ. ለተቋቋመው የለንደን የሥነ ንጽሕናና የሐሩር በሽታዎች ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ወይም በ1898 ለተመሠረተው የሊቨርፑል አቻው፣ ከብዙ የምስጋና አንቀጽ የበለጠ ይናገራል።

ሌሎችም መስኮች እንዲሁ ናቸው። የዕጣን ዛፍ በቆላው እየተመናመነ ነው፤ ቅርፊቱ ከመጠን በላይ መፋቁ፣ ሰደድ እሳት፣ የእርሻ መሬት መስፋፋትና የችግኝ አለመተካት ከምክንያቶቹ መካከል ይጠቀሳሉ፤ ይህን በዐይኑ ያየ የደን ባለሙያ የጥናት ጥያቄ ለመፈለግ ሩቅ አይሄድም። ሰሊጥ ከማሳ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ወደ ውጭ የሚሄድበት ሰንሰለት ለግብርና ኢኮኖሚክስ፣ በ2023 ሚያዝያ የጀመረው የሱዳን ጦርነት በመተማ በኩል ያስገባቸው ስደተኞች ጉዳይ ደግሞ ለስደት ጥናትና ለሰብአዊ ርዳታ አስተዳደር የሚበቃ ጭብጥ ነው። መግለጫው መጠንቀቅ የሚኖርበት ከግነት ነው፤ አመልካቹ የሠራውን እንደ ሠራ፣ ያየውን እንዳየ፣ የቀረውን እንደ ቀረ ይጽፋል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉት መምህራንም ቢሆኑ «ታታሪና ምስጉን» ከሚለው የተለመደ ቃል ይልቅ፣ ተማሪው በየትኛው ትምህርት ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደነበረ ቢናገሩ ይመረጣል።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ በአብዛኛው የሚረጋገጠው አይልትስ በተባለው ፈተና ሲሆን፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 9 ይሰጣል፤ ለማስተርስ ብዙውን ጊዜ 6.5 ወይም ከዚያ በላይ ይጠየቃል፤ ማስረጃውም ለሁለት ዓመት ያገለግላል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የተሰጠ ለመሆኑ ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ደብዳቤን ይቀበላሉ፤ ይህ ስለሚያስቀረው ወጪ ሲባል አስቀድሞ መጠየቁ ብልህነት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ገንዘቡ ነው። የውጭ አገር ተማሪ የሚከፍለው የትምህርት ክፍያ ከአገሬው ተማሪ እጅግ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ብር በመዳከሙ ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ ርቋል። ስለዚህ ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሄድ ጥቂት ነው። በሰፊው የሚታወቀው በ1983 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና በብሪታንያ መንግሥት የሚደገፈው ቺቭኒንግ ሲሆን፣ የአንድ ዓመት ማስተርስን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ በአንጻሩ አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪና ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ እንዲኖረው፣ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶችን እንዲመርጥ፣ ሲጨርስም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። የኮመንዌልዝ ነፃ የትምህርት ዕድል በየጊዜው የሚያማልላቸው ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ባለመሆኗ ግን ይህ በር ለኬንያና ለኡጋንዳ ክፍት ሲሆን ለእርሷ ዝግ ነው። የቺቭኒንግ ማመልከቻ የሚከፈተው በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ሆኖ የሚዘጋው በመስከረም መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ፣ በቆላው ከሰሊጥ አረምና አጨዳ ጋር ይገጥማል፤ ጽሑፉን በግንቦት ጀምሮ ማለፊያ ረቂቅ ይዞ የሚጠብቅ ሰው በክረምቱ የመንገድና የኔትወርክ ችግር አይደናገጥም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ አይመስልም።

ዩኒቨርሲቲው አመልካቹን ሲቀበል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባለቅድመ ሁኔታ ቅበላ ይሰጣል፤ ይኸውም የጎደለው ሰነድ ወይም የቋንቋ ውጤት ሲሟላ የሚጸና ቅበላ ነው። ሁሉ ከተሟላ በኋላ ካስ የተባለው የቅበላ ማረጋገጫ ቁጥር ይላካል፤ የተማሪ ቪዛ የሚጠየቀውም በዚህ ቁጥር ነው። ቪዛው በ70 ነጥብ የሚመዘን ሲሆን፣ 50ው ከካስ፣ 10ሩ ከገንዘብ አቅም፣ 10ሩ ደግሞ ከቋንቋ ችሎታ የሚገኝ ነው። ከ2025 ኅዳር ወዲህ በሥራ ላይ ባለው መስፈርት ተማሪው ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለኑሮ በለንደን በወር 1,529፣ ከለንደን ውጪ 1,171 ፓውንድ፣ እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ አስልቶ ማሳየት አለበት፤ ከለንደን ውጪ ለዘጠኝ ወር 10,539 ፓውንድ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ በ2025 ሚያዝያ 524 ፓውንድ የሆነው የቪዛ ክፍያና በዓመት 776 ፓውንድ የሚታሰበው የጤና አገልግሎት ክፍያ ይጨመራል።

ይህ ገንዘብ ቢያንስ ለ28 ተከታታይ ቀናት በባንክ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ የሚቆጠረውም በዋናነት በአመልካቹ፣ በወላጆቹ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊው ስም ያለ ሒሳብ ሲሆን፣ በወላጆች ስም ከሆነ የልደት ማስረጃና የፈቃድ ደብዳቤ ይታከልበታል። እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ልማድና የብሪታንያ ደንብ ይጋጫሉ። በአገሩ ባህል አጎት ወይም ታላቅ ወንድም እንደ አባት ያስተምራል፤ በደንቡ ዓይን ግን ሕጋዊ አሳዳጊ ያልሆነ አጎት የባንክ ደብተር ምንም አይደለም፣ ገንዘቡ ወደ ተማሪው ሒሳብ ተዛውሮ 28ቱን ቀን ካልቆየ በቀር። በተመሳሳይ፣ ሀብቱ በመጋዘን ያለ ሰሊጥና በበረት ያለ ከብት የሆነ የመተማ ገበሬ ሀብታም ቢሆንም ማስረጃ የለውም፤ ምርቱን ሸጦ ገንዘቡን በወቅቱ ባንክ ማስገባት ይጠበቅበታል። ሙሉ ወጪውን መንግሥታዊ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሸፍንለት ተማሪ ግን የድርጅቱን ደብዳቤ ብቻ ያቀርባል።

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከሚጠየቅባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ሰው በተፈቀደለት ክሊኒክ መመርመር ግዴታ ነው፤ ምርመራውም፣ የጣት አሻራ መስጠቱም የሚፈጸመው አዲስ አበባ ነው። የመንገዱን ደኅንነትና ከጎንደር የሚነሣውን የአውሮፕላን ወጪ ላሰበ ሰው፣ ሁለቱን ቀጠሮዎች በአንድ ሳምንት ማጣመር ብዙ ያድናል።

መተማ የደላላ ከተማ ነች ቢባል የሚቀየም የለም፤ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ ሰው የሚሻገርባት መስመር ሆና ቆይታለችና። ለትምህርት የሚያስቡትን የሚያባብሉ ደላሎችም የተሠራ የባንክ ወረቀት ወይም የተገዛ የቋንቋ ውጤት እናቀርባለን ሊሉ ይችላሉ። ለቪዛ ሐሰተኛ ሰነድ ያቀረበ ሰው እስከ አሥር ዓመት ሊታገድ እንደሚችል ደንቡ ይደነግጋል፤ ቅጣቱም የሚደርሰው በተማሪው እንጂ በደላላው አይደለም። የዩኒቨርሲቲዎች ሕጋዊ ወኪሎች ግን በአብዛኛው ክፍያቸውን የሚያገኙት ከዩኒቨርሲቲው ነው።

ቅበላ አግኝቶ ገንዘብ ያላገኘ ተማሪ፣ ወይም መንገድ ተዘግቶበት ያልደረሰ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሲጠየቁ ቅበላውን ለሚቀጥለው ዓመት ያሸጋግሩለታል፤ ጥያቄው ግን ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በተሸጋገረው ዓመት ካስ እንደ አዲስ ይወጣል፣ የስድስት ወር ዕድሜ ያለው የሳንባ ምርመራ ይደገማል፣ የ28ቱም ቀን ቆጠራ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ የእንግሊዝኛ ውጤቱ ሁለት ዓመት ካልሞላው እና ትራንስክሪፕቱ አስቀድሞ ከወጣ ግን እነዚህ ሁለቱ ዳግም አይጠየቁም።