የበረዶ ግግር ሞዴሎች ትብነት፦ ተረቱና እውነታው

የግሪንላንድና የአንታርክቲካ የበረዶ ግግር እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሰሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች መልስ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ከመሆን ይልቅ በዝቅተኛና በከፍተኛ ወሰን መካከል ተዘርግቶ ስለሚመጣ፣ «ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አያውቁትም፤ ግብዓቱን እየቀያየሩ የፈለጉት ቁጥር ላይ ያደርሱታል» የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ግብዓቱ መቀያየሩ እውነት ነው፤ ስሕተቱ ያለው የሚቀያየርበት ምክንያት በተተረጎመበት መንገድ ላይ ነው። ወደ ሞዴሉ የሚገቡትን ቁጥሮች በዕቅድ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ውጤቱ ለየትኛው ቁጥር ምን ያህል ምላሽ እንደሚሰጥ መለካት የትብነት ትንተና ይባላል፤ ሥራውም በመልሱ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከየትኛው የተፈጥሮ ሂደት እንደሚመነጭ ለይቶ ማሳየት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት እምነት፣ በረዶ የሚጠፋው አየሩ ሲሞቅ ከላይ በመቅለጥ ብቻ ስለሆነ የሙቀት መጠኑን ያወቀ ሰው ቀሪውን በቀላሉ ያሰላዋል የሚለው ነው። የግሪንላንድ በረዶ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን የባሕር ወለል በ7 ሜትር ገደማ፣ የአንታርክቲካው ደግሞ በ58 ሜትር ገደማ ከፍ ሊያደርግ የሚችል ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በረዶ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር የሚፈስ ነው። አንታርክቲካ ላይ አየሩ እጅግ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከላይ የሚቀልጠው ጥቂት ነው፤ ዋናው ኪሳራ የሚደርሰው በባሕሩ ላይ የተንሳፈፈው የበረዶው ጠርዝ ሞቅ ባለ የባሕር ውኃ ከሥሩ ሲበላና ከፊቱ እየተሰበረ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ የበረዶውን የመፍሰስ ባሕርይ፣ ከሥሩ ካለው ዓለት ወይም ጭቃ ጋር ያለውን ሰበቃ፣ የባሕሩን ሙቀትና የሚወርደውን የበረዶ መጠን በአንድነት ማወቅ ይጠበቅበታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከሁለትና ከሦስት ኪሎ ሜትር በረዶ በታች ስለሚገኙ በቀጥታ ሊለኩ አይችሉም።

«የአየር ንብረቱ ነው እንጂ የማይታወቀው፣ የበረዶው ፊዚክስ ግን ያለቀለት ጉዳይ ነው» የሚለው አስተያየት ከተማሩ ሰዎችም የሚሰማ በመሆኑ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ጆን ግሌን የተባለው የብሪታንያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው የካምብሪጅ የቤተ ሙከራ ጥናት፣ በረዶ በጫና ሥር ቅርፁን የሚለውጥበት ፍጥነት ከጫናው ጋር በእኩል መጠን ሳይሆን በከፍተኛ አርቢ እንደሚያድግ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ሞዴሎች አርቢውን በአብዛኛው 3 አድርገው ይዘውታል። አርቢው 3 ከሆነ ጫናው እጥፍ ሲሆን በረዶው 8 ጊዜ ፈጥኖ ይለወጣል፤ አርቢው 4 ከሆነ ግን 16 ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ በሳተላይት የተለኩ የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ በረዶዎችን ፍጥነት የመረመረ ጥናት፣ ፈጥነው በሚለጠጡት ቦታዎች እውነተኛው አርቢ ወደ 4 የቀረበ መሆኑን አመልክቷል። እዚህ ላይ የትብነት ትንተና የራሱ ወሰን በግልጽ ይታያል፤ ትንተናው የሚመሰክረው እንዲለዋወጥ ስለተፈቀደለት ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ አርቢውን 3 ላይ አስሮ በሺህ የሚቆጠር ስሌት ያካሄደ ተመራማሪ ስለ አርቢው ምንም አልመረመረም። የአንድ ጥናት የግምት ወሰን ጠባብ ሆኖ ሲገኝ፣ አንባቢ በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው የትኞቹ ቁጥሮች ታስረው እንደቀሩ ነው።

ሌላው እምነት በባለሙያዎች ዘንድ ሳይቀር ሥር የሰደደ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ ባሉበት አቁሞ አንዱን ቁጥር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው መሻገር፣ በቂ ምርመራ ይመስላል። ዘዴው ንጹሕና ለማስረዳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ በበዙ ቁጥር የሚያየው እያነሰ ይሄዳል። ለሁለት ቁጥሮች ሁሉም ጥምረቶች በአንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ናቸው ቢባል፣ አንድ በአንድ የመለወጡ ዘዴ ከመሀል ግምቱ ዙሪያ ከተሠመረ ክብ አይወጣም፤ ክቡ ከአራት ማዕዘኑ ስፋት 78 በመቶ ያህሉን ስለሚሸፍን ጉዳቱ ቀላል ነው። ቁጥሮቹ አሥር ሲሆኑ ግን ተመሳሳዩ ሉል ከጠቅላላው ይዘት የሚሸፍነው 0.25 በመቶ ብቻ ነው። የማይዳሰሰው ክልል ደግሞ ብዙ ነገር የሚፈጸምበት ነው፤ ያለ ዝናብ የማዳበሪያን ጥቅም መለካት እንደማይቻል ሁሉ፣ የአንዱ ቁጥር ተጽዕኖ ሌላው ባለበት ሁኔታ ላይ ይንጠለጠላል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በምዕራብ አንታርክቲካ የሚገኘው የትዌይትስ የበረዶ ግግር ነው፤ እርሱ ብቻውን ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ የባሕር ወለልን በ65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ያደርጋል። ግግሩ ያረፈበት መሬት ከባሕር ወለል በታች ከመሆኑም በላይ ወደ መሀል አገር ሲገባ ይበልጥ እየጠለቀ የሚሄድ ስለሆነ፣ በረዶው ከመሬት ተነሥቶ መንሳፈፍ የሚጀምርበት መስመር ወደ ኋላ ባፈገፈገ ቁጥር ለባሕሩ የሚጋለጠው በረዶ እየወፈረ ይመጣል። ዮሃነስ ዌርትማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው የመንሸራተት ሕግ እንደሚለው ሰበቃው ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ፣ በረዶው በፈጠነ ቁጥር መሬቱም ይበልጥ ይይዘዋል፤ ሰበቃው አንድ ጣሪያ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ግን፣ ያው የባሕር ሙቀት የሚያደርሰው ጉዳት ወደ ውስጥ ጠልቆ ይዘልቃል። ሰበቃው ሳይታወቅ የባሕሩ ሙቀት ብቻውን ይህን ያህል ያደርጋል ማለት አይቻልም። አሥር ቁጥሮችን እያንዳንዳቸውን በሦስት ዋጋ ለመፈተሽ 59,049 ስሌቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ስሌት በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል ይህ የማይታሰብ ነው። በዚህ የተነሣ ተመራማሪዎች ጥምረቶቹን በብልሃት የሚያሠራጭ፣ የላቲን ሃይፐርኩብ የተባለ የናሙና አወጣጥ ይጠቀማሉ፤ ወይም ከጥቂት መቶ ስሌቶች ተምሮ የቀሩትን የሚገምት ፈጣን ስታቲስቲካዊ ተተኪ ይሠራሉ፤ ከዚያም በሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ኢሊያ ሶቦል ስም በሚጠራው ስሌት፣ ከውጤቱ መለያየት ውስጥ ስንት እጁ በየትኛው ቁጥርና በየትኛው ጥምረት እንደመጣ ይለያሉ።

በረዶ በሥሩ ፈጥኖ ሲንሸራተት ግግሩ ምንጊዜም ያንሳል የሚለው እምነት ምክንያታዊ ይመስላል፤ በአብዛኛው ቦታም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ፓትሪክ ሃይምባክና ቬሮኒክ ቡንዮን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሥራ፣ ሲኮፖሊስ በተባለው ሞዴል ላይ ከውጤቱ ተነሥቶ ወደ ግብዓቱ የሚመለስ ስሌት አዘጋጅተው፣ የግሪንላንድ ጠቅላላ የበረዶ ይዘት በ100 ዓመት ውስጥ ለእያንዳንዱ ቦታ ሰበቃ፣ ሙቀትና መነሻ ሁኔታ ያለውን ትብነት በአንድ ጊዜ አወጡ። የተመረመሩት ግብዓቶች 1.2 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በተለመደው መንገድ እያንዳንዱን ለመፈተሽ ሞዴሉን ከሚሊዮን ጊዜ በላይ ማስኬድ ግድ ይሆን ነበር። ከተገኘው ካርታ ላይ፣ መንሸራተቱ ሲጨምር የግግሩ ይዘት የሚጨምርባቸው ቦታዎች ታዩ። የስሌቱን ትክክለኛነት በቀጥታ ለውጥ በማድረግ ያመሳከሩት ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ ከግምት ውጭ የሆነው ምልክት የሞዴሉ እውነተኛ ባሕርይ እንደሆነ፣ በተለመደው ሙከራ ቢሆን ግን የመገኘት ዕድሉ እጅግ ጠባብ እንደነበር ገልጸዋል። መንሸራተት በረዶን ከቦታ ወደ ቦታ ያዛውራል እንጂ በራሱ አያጠፋውም፤ በረዶው የሚጠፋው ወደሚቀልጥበት ወይም ወደ ባሕር ሲደርስ ነው። ስለዚህ የአንድ አገር ስፋት ላለው ግግር አንድ የትብነት ቁጥር መስጠት ያሳስታል፤ ትብነት በቦታው፣ በጊዜውና በተጠየቀው ጥያቄ ይለያያል።

ትብነት ያለው ነገር ሁሉ የጥርጣሬ ምንጭ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በረዶ የሚንሳፈፍበት ነጥብ ለበረዶውና ለባሕር ውኃው እፍጋት ልዩነት እጅግ ትብ ቢሆንም፣ ሁለቱም እፍጋቶች በደንብ የተለኩ በመሆናቸው በመጨረሻው ግምት ላይ የሚጨምሩት ጥርጣሬ አነስተኛ ነው። ክፉው ነገር ትብነትና አለማወቅ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ነው፤ የሥር ሰበቃና የባሕር ማቅለጥ ከዚህ ወገን ናቸው።

የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ እስከ 2100 በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የአንታርክቲካ ድርሻ በካይ ጋዝ በብርቱ ከተቀነሰ ከ0.03 እስከ 0.27 ሜትር፣ እጅግ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.34 ሜትር ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ሁለቱ ወሰኖች መቀራረባቸውን አይቶ «እንግዲያስ ጋዙን መቀነስ ለውጥ አያመጣም» ማለት፣ ስለ ሰበቃና ስለ ባሕር ያለውን አለማወቅ በጋዙ ደኅንነት ላይ እንደ ምስክር መቁጠር ነው። ለግሪንላንድ የተሰጡት ወሰኖች ከ0.01 እስከ 0.10 እና ከ0.09 እስከ 0.18 ሜትር ሆነው በግልጽ ይለያያሉ፤ ከ2100 በኋላም የሁለቱ መንገዶች ርቀት እየሰፋ ይሄዳል።

የተሰጠው ወሰን ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ያካትታል የሚለው እምነት ደግሞ ከሁሉም አደገኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሮበርት ዲኮንቶና ዴቪድ ፖላርድ፣ ረጃጅም የበረዶ ገደሎች በገዛ ክብደታቸው እየተናዱ የሚሄዱበትን ሂደት በሞዴላቸው ጨምረው፣ በከፍተኛው የጋዝ መጠን አንታርክቲካ ብቻዋን እስከ 2100 ከአንድ ሜትር በላይ ልታዋጣ እንደምትችል አሰሉ፤ በ2019 የወጣ ሌላ ትንተና ግን ያለፉትን ዘመናት የባሕር ከፍታ ለማስረዳት ይህ ሂደት የግድ እንደማያስፈልግ አሳየ። ፓነሉ ለከፍተኛው የጋዝ መጠን የሰጠው አጠቃላይ የባሕር ከፍታ ግምት ከ0.63 እስከ 1.01 ሜትር ሲሆን፣ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ከፍታም ፈጽሞ የማይሆን ነው ሊባል እንደማይችል አክሎ አስጠንቅቋል። ወደብና የባሕር ግድብ የሚገነባ መሐንዲስ ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች ማንበብ አለበት።

ይህ ሁሉ ከተፈጥሮ ጋር የማይገናኝ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው ለሚሉ ወገኖች መልሱ ከትዌይትስ ይገኛል። ሞዴሎቹ ደጋግመው ወደዚያ ስላመለከቱ፣ የአሜሪካና የብሪታንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 የጋራ ዘመቻ ጀምረው፣ በ2020 መጀመሪያ በሙቅ ውኃ በተቦረቦረ 600 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ አይስፊን የተባለውን ሮቦት ወደ በረዶው ሥር አወረዱ። በ2023 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በተለካው ቦታ የሥሩ መቅለጥ በዓመት በአማካይ ከ2 እስከ 5.4 ሜትር፣ ማለትም ሞዴሎች ከገመቱት ያነሰ ነበር፤ በስንጥቆቹና በደረጃ መሰል ግድግዳዎቹ ላይ ግን መቅለጡ እጅግ የፈጠነ ሆኖ ተገኝቷል። በዚህም የተነሣ ቀድሞ ለጠቅላላው የበረዶ ሥር አንድ አማካይ ቁጥር ይሰጡ የነበሩ ሞዴሎች፣ አሁን የሥሩን ቅርፅ ራሱን እንደ አንድ ግብዓት ወስደው ትብነቱን መመርመር ይኖርባቸዋል።