ርካሹ ቤት የማን ነው? ስለ አውስትራሊያዊቷ ሰፈር ስለ ኤልዛቤት

አውስትራሊያ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በግ፣ ስንዴና ካንጋሩ ነው። በእውነቱ ግን አገሪቱ ሕዝባቸው በብዛት በከተማ ከሚኖርባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት፤ የከተማውም ሰው ከወሬው ሁሉ የማይለየው የቤት ዋጋ ነው። በሲድኒ ከተማ የመኖሪያ ቤት መካከለኛ ዋጋ በ2015 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ዶላሩም የአውስትራሊያ ነው።) እንዲህ ባለ አገር ውስጥ «ርካሽ ሰፈር» የሚባል ነገር እንዴት ሊኖር ይችላል? ርካሽነቱስ የሚጠቅመው ማንን ነው? ይህን ለመመርመር አንዲት ሰፈር መርጠናል። ስሟ ኤልዛቤት ነው፤ የምትገኘውም የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ዋና ከተማ ከሆነችው ከአደሌይድ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው።

ኤልዛቤት በገበያ ዙሪያ ወይም በወንዝ ዳር ቀስ በቀስ ያደገች አይደለችም። በመንግሥት ፕላን ከእርሻ መሬት ላይ የተተከለች ናት። መሬቱ ጥንት የካውርና ሕዝብ ነበረ፤ ኋላም አውሮፓውያን ሰፋሪዎች እህል የሚዘሩበትና በግ የሚያሰማሩበት ሆነ። የግዛቱ መንግሥት በ1936 «የቤቶች ትረስት» የተባለ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበርና፣ ይህ መሥሪያ ቤት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሬቱን በእርሻ መሬት ዋጋ ገዛው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከት። መሬት የሚወደደው መንገድ፣ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ሲደርስለት ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ጭማሪ የሚገባው ወሬውን አስቀድሞ ሰምቶ መሬቱን በያዘው ሰው ኪስ ነው፤ ሰውየው ግን መንገዱን አልጠረገም፣ ውሃውንም አልሳበም። በኤልዛቤት መሬቱን የያዘውና መንገዱን የሚያወጣው አንድ አካል፣ ይኸውም የሕዝብ መሥሪያ ቤት ስለ ነበረ፣ ጭማሪው በኪራዩ ላይ ሳይታከል ቀረ። ሰፈሪቱ ርካሽ የሆነችበት የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው እንጂ የግንቡ መሳሳት ወይም የክፍሎቹ መጥበብ አይደለም።

ነገር ግን መንግሥቱ ይህን ያደረገው ለድኻ ስላዘነ ነበር ብሎ የሚገምት አንባቢ ቢኖር፣ ግምቱን ማቆየት አለበት። ከ1938 እስከ 1965 ድረስ የግዛቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቶማስ ፕሌይፎርድ ወግ አጥባቂ ሰው ነበር፤ በሶሻሊስትነት የሚያማው አልነበረም። ችግሩ ሌላ ነበር። ደቡብ አውስትራሊያ ከሲድኒና ከሜልቦርን ትላልቅ ገበያዎች የራቀች ናት፤ አንድ ባለፋብሪካ ወደዚያ እንዲሄድ የሚስበው ነገር ያስፈልገዋል። የሚስበው ደግሞ ዝቅተኛ ደመወዝ ነው። ሠራተኛው በዝቅተኛ ደመወዝ እንዲኖር ኑሮው መርከስ አለበት፤ ከኑሮ ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የቤት ኪራይ ነው። ስለዚህ መንግሥት ኪራዩን ሲያወርድ ደመወዙን ያወርዳል፤ ደመወዙ ሲወርድ ፋብሪካው ይመጣል። ርካሹ ቤት ለሠራተኛው የተሰጠ ስጦታ ከመሆኑ ይልቅ በሠራተኛው በኩል ለባለፋብሪካው የተላከ ስጦታ ነበር ለማለት ያስደፍራል። በዚህም ሒሳብ ወግ አጥባቂው መሪ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ከፍተኛ የመንግሥት ቤት ብዛት ያላት ግዛት ትቶ ከሥልጣኑ ወረደ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ነገር ቢያሰላስሉት መልካም ነው።

ሰፈሪቱ የተመረቀችው በኅዳር ወር 1955 ነው፤ ስሟም ከእንግሊዝ ንግሥት የተወሰደ ነው። ፕላኑ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ከተሠሩት አዳዲስ ከተሞች የተቀዳ ነበር። ከተማዋ በየመንደሩ ተከፈለች፤ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ሱቅና ትምህርት ቤት፣ ከመንደር እስከ መንደርም ሰፊ የሣር መስክ ነበረው። ብዙዎቹ ቤቶች ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባቸው ነበሩ። ጄነራል ሞተርስ ሆልደን የተባለው የመኪና ኩባንያም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ ትልቅ ፋብሪካ ያሠራ ጀመር።

ለመሆኑ በቤቶቹ ውስጥ የገባው ማን ነበር? ከፍተኛው ቍጥር የብሪታንያ ሰው ነው። በዚያን ዘመን የአውስትራሊያ መንግሥት ለአንድ ዐዋቂ ብሪታንያዊ ስደተኛ የመርከብ ዋጋ የሚያስከፍለው 10 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ልጆች በነጻ ይሳፈሩ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የሚመለስ ግን ወጪውን እንዲተካ ይገደዳል። ሰዉ ከቀዝቃዛና ከተጣበበ የኪራይ ቤት ወጥቶ ጓሮ ያለው ቤት አገኘ፤ አባትየው ፋብሪካ ገባ፤ ልጁም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው አባቱን ተከትሎ ገባ። በሌላ በኩል ከ1901 ጀምሮ የተሠራበትና በ1973 ብቻ ፈጽሞ የተሻረው «ነጭ አውስትራሊያ» የሚባለው መመሪያ በሩን በእስያና በአፍሪካ ሰው ላይ ዘግቶ ነበር። አንድ ኢትዮጵያዊ በ10 ፓውንድ ተሳፍሮ ኤልዛቤት ሊገባ አይችልም ነበር። እንግዲህ ቤቱ በረከሰበት ዘመን እንኳ ለሁሉ የረከሰ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ ታሪኩ ከሌሎች የፋብሪካ ከተሞች ታሪክ ብዙም አይለይምና። መንግሥት በ1973 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ሁሉ ከመቶ 25 ቀነሰ፤ በ1985ም የመኪና ፋብሪካዎችን ቍጥር የሚያሳንስ ፕላን ሥራ ላይ አዋለ። የጃፓን መኪና ገባ። ሆልደን ሠራተኛውን እየቀነሰ ቆይቶ በታኅሣሥ 2013 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ጥቅምት 20 ቀን 2017ም የመጨረሻዋ መኪና ከኤልዛቤት ወጣች። በአውስትራሊያ ምድር መኪና መሥራት በዚያው ቀን አበቃ።

በዚሁ ዘመን የቤቶች ትረስትም ጠባይ ተለወጠ። መጀመሪያ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ የሚከራይበት ነበር። ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ቤቶቹ በቅድሚያ ለችግረኛ፣ ለሥራ ፈት፣ ለጡረተኛ፣ ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት እንዲሰጡ ተደረገ፤ ኪራዩም በገቢ መጠን ተወሰነ። ይህ በራሱ ርኅራኄ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች በአንድ ቦታ ተከማቹ፤ መሥሪያ ቤቱ የሚሰበስበው ኪራይ ለጥገና እንኳ የማይበቃ ሆነ፤ ጕድለቱንም ለመሙላት ቤቶቹን ይሸጥ ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በግዛቱ ከ60 ሺህ በላይ የነበሩት የመንግሥት ቤቶች፣ ከፊሉ ተሽጦ ከፊሉም ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች አስተዳደር ተላልፎ፣ ዛሬ በመሥሪያ ቤቱ እጅ የቀረው ግማሽ ያህሉ ነው።

ስለዚህ ኤልዛቤት አሁንም «ርካሽ» ተባለች፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጕሙ ግን ተገለበጠ። በ1955 ቤቱ የረከሰው ፋብሪካው እንዲመጣ ነበር፤ በ2017 የረከሰው ፋብሪካው ስለ ሄደ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ርካሽ ቤትና ሥራ አብረው ተገኙ። በሁለተኛው ጊዜ ርካሽ ቤት የሚያገኝ ሰው ያገኘው ሥራ የሌለበትን ቦታ ነው፤ በኪራይ ያተረፈውንም ለባቡርና ለቤንዚን ይከፍለዋል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ደረስን፤ ለእኛ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመንም ይህ ነው። ከ2020 በፊት በኤልዛቤት ሰሜንና በዴቨረን ፓርክ ከ200 ሺህ ዶላር በታች ቤት ይገኝ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፋብሪካ ተከፈተ? አልተከፈተም። ታዲያ ምን መጣ? ሒሳቡን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ቤት 200 ሺህ ዶላር ተገዝቶ በሳምንት 250 ዶላር ቢከራይ በዓመት 13 ሺህ ዶላር ያስገባል፤ ይህም ከዋጋው ከመቶ 6.5 ነው። በሲድኒ አንድ ሚሊዮን ዶላር የተገዛ ቤት በሳምንት 600 ቢከራይ የሚያስገባው ከመቶ 3 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ይህን ለማየት ሰፈሪቱን መርገጥ አያስፈልገውም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ብሔራዊ ባንኩም በኅዳር 2020 መነሻ ወለዱን ከመቶ 0.10 ድረስ አውርዶት ስለ ነበር ብድር እንደ ውሃ ፈሰሰ። ሲድኒና ሜልቦርን የሚኖር ሰው አይቶት የማያውቀውን የኤልዛቤት ቤት በስልክ ይገዛ ጀመር።

የግብሩም ሕግ ይህን ሲያበረታታ የቆየ ነው። አከራዩ ከኪራይ ከሚያገኘው ይልቅ ለወለድና ለጥገና የሚያወጣው ቢበልጥ፣ ኪሳራውን ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ግብሩን ያቃልላል። ቤቱን ከዓመት በላይ ይዞ ሲሸጠው ደግሞ፣ በ1999 በወጣው ደንብ፣ ከትርፉ ግማሹ ብቻ ግብር ይታሰብበታል። እየከሰሩ ማትረፍ ማለት ይህ ነው። ኪሳራ የመቀነሱን መብት መንግሥት በ1985 አግዶ በ1987 መለሰው፤ የሌበር ፓርቲም በ2016ና በ2019 ምርጫ እገድበዋለሁ ብሎ ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በ2021 የሕዝብ ቈጠራ ከመቶ ቤተሰብ 66 ያህሉ የሚኖረው በራሱ ቤት ነበር፤ ባለቤት ደግሞ የቤት ዋጋ እንዲወርድ ድምፅ አይሰጥም።

የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች «ይህ ፍላጎትና አቅርቦት ነው፤ ዋጋው ሲወደድ አዲስ ቤት ይሠራል» ይሉን ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ከኤልዛቤት በስተሰሜን በሙኖ ፓራና በአካባቢው አዳዲስ መንደሮች ተሠርተዋል፤ የአሮጌዎቹም የትረስት ቤቶች ብዙዎቹ እየፈረሱ በአዲስ ተተክተዋል። ኤልዛቤትን ከ1997 ጀምሮ የምታጠቃልለው የፕሌይፎርድ ማዘጋጃ ቤት ግዛት ሕዝቧ ወደ 100 ሺህ ደርሷል፤ በዕድሜም ከአደሌይድ ሰፈሮች ሁሉ ወጣት ከሚባሉት አንዷ ናት። ግን አዲሱን ቤት የሚገዛው ባንክ የሚያበድረው፣ ባልና ሚስት ሁለቱም ደመወዝ ያላቸው ቤተሰብ ነው። በአሮጌው ኤልዛቤት የሚኖሩት ሌሎች ናቸው፤ በ10 ፓውንድ ከመጡት የተረፉ አረጋውያን፣ ብዙ የአገሬው ጥንታዊ ሕዝብ ተወላጆች፣ ከቅርብ ዘመንም ወዲህ ከአፍጋኒስታን፣ ከቡታንና ከመካከለኛው አፍሪካ በስደት የመጡ ቤተሰቦች። (የእኛ አገር ሰዎች በብዛት የሚገኙት በሜልቦርን ምዕራብ፣ በፉትስክሬይ አካባቢ ነው፤ እነሱም የሰፈሩት ያ ሰፈር የሠራተኛ ሰፈር ሆኖ ኪራዩ ሳይወደድ ነው።)

ስለዚህ ስለ አንድ ሰፈር «መካከለኛ ዋጋው ይህን ያህል ነው» የሚል ነገር ስናነብ መጠንቀቅ አለብን። መካከለኛ ዋጋ የሚነግረን በዚያ ዓመት ስለተሸጡት ቤቶች ነው፤ ስላልተሸጡት ቤቶችና በውስጣቸው ስላሉት ሰዎች አንዳች አይነግረንም። ሻጩና ገዢው ሁለቱም በሌላ ከተማ የሚኖሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሰፈሪቱን ሰው ለማወቅ የሚሻለው መለኪያ ኪራዩን ከገቢው ጋር ማስተያየት ነው። በአውስትራሊያ የተለመደው መመዘኛ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነው ከመቶ 40 ቤተሰቦች መካከል አንዱ ከገቢው ከመቶ 30 በላይ ለቤት ከከፈለ «በቤት ወጪ ተጨንቋል» ይለዋል። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የተወሰነው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሳምንት 948 ዶላር ነበር። በምሳሌያችን 250 ዶላር የነበረው ኪራይ 450 ቢደርስ፣ ይህ ሠራተኛ ግብር ሳይከፍል ከደመወዙ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ለአከራዩ ይሰጣል። በመንግሥት ድጎማ ለሚኖረው ሥራ ፈትማ ሒሳቡ ጨርሶ አይገጥምም።

እንግዲህ በቤቱ ዋጋ መወደድ የተጠቀመው በ1960ዎቹ የትረስትን ቤት ገዝቶ እስከ ዛሬ የቆየው አሮጌ ሠራተኛና ከሩቅ ሆኖ የገዛው ባለገንዘብ ነው። የተጐዳው ተከራዩ ነው። ተከራይ ሰፈሩ ቢሻሻል፣ መንገዱ ቢጠረግ፣ መብራቱ ቢበዛ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ በተግባር ግን እያንዳንዱ መሻሻል የኪራይ ጭማሪ ሆኖ በሩን ያንኳኳል። በ1955 ትረስቱ የዘጋው ቀዳዳ ይኸው ነበር።

የደቡብ አውስትራሊያ ምክር ቤት ተከራዩን ለመጠበቅ አዲስ ሕግ አውጥቷል። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አከራይ ያለ በቂ ምክንያት ተከራዩን ሊያስወጣ አይችልም፤ የስልሳ ቀን ማስጠንቀቂያም መስጠት አለበት፤ ኪራይም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጨመርም። በአንዱ ጊዜ ምን ያህል ይጨመር እንደሆነ ግን ሕጉ ቍርጥ ያለ ወሰን አላበጀለትም፤ «በቂ ምክንያት» ተብለው ከተዘረዘሩትም መካከል አንዱ ቤቱ መሸጡ ነው።