ከመተማ እስከ ጉባ፦ መንገድን ከሰማይ መዝጋት

መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ከቤልጂክ ኮንጎ የመጣ ጦር በኩርሙክ በኩል ዘልቆ አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥር 12 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረዋል፤ ሕዳሴ ግድብ ከቆመበት ከጉባ ወረዳ በስተሰሜን ያለውን ቆላ አቋርጠውም በላያ ተራራ ደርሰዋል። የዚያ ጉዞ ስንቅና ጥይት የተጫነው በግመል ነበር። እንግሊዞች ለዘመቻው የገዟቸው ግመሎች ወደ 15,000 ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹም ደጋው ሳያልቅ በየመንገዱ ቀርተዋል። ጣሊያን በበኩሉ ጦርነቱን ሲጀምር በምሥራቅ አፍሪካ 300 ያህል አውሮፕላኖች ነበሩት። ታዲያ ይህን የሚያህል የአየር ኃይል፣ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የግመል ቅፍለት ማስቆም እንዴት ተሳነው? የጠላትን መጓጓዣ ከአየር መምታት ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ለመረዳት ከዚህ ጥያቄ መነሣቱ ይበጃል። የመልሱ ግማሽ ከመሬቱ ይገኛል። ግመል የሚያልፍበት ቆላ ድልድይ የለውም፤ ሐዲድ የለውም፤ ቢመታ ጉዞውን ሁሉ የሚያንቀው ጠባብ ቦታም የለውም። አንዱ ዱካ ቢፈራርስ ቅፍለቱ በሌላ ቁጥቋጦ መሐል ያልፋል። ሌላው ግማሽ ግን ያለው ከሰማይ ነው።

ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ ዒላማው ላይ ለመድረስ አቅጣጫውንና ከፍታውን ጠብቆ መብረር አለበት፤ ያን ጊዜ ፈጣን ተዋጊ ካገኘው መከላከያው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከጎኑና ከበላዩ የሚያጅቡት የራሱ ወገን ተዋጊዎች ያስፈልጉታል። የአጃቢው ሥራ የጠላትን ተዋጊ ማባረር ብቻ አይደለም። አብራሪው ሳይቸኩል እንዲያነጣጥር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ነገ ተመልሶ ያንኑ ድልድይ እንዲመታም ያደርጋል። መጓጓዣን መምታት በአንድ ቀን የሚያልቅ ሥራ ስላልሆነ ይህ መመላለስ ወሳኝ ነው። ሐዲድ በሌሊት ይጠገናል፤ የፈረሰ ድልድይ በእንጨት ይተካል፤ የተቃጠለ ካሚዮን በሌላ ይለወጣል። የማይመላለስ ቦምብ ጣይ የዘጋውን መንገድ ጠጋኙ ይከፍተዋል።

ይህን በግልጽ ያሳየው የመተማ ውጊያ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚያዝዘው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ በሱዳን ድንበር ያለችውን ገላባትን ማልዶ ያዘ። ቀጣዩ ዓላማው ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያለችው መተማ ነበረች። ነገር ግን የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች የሚያበሯቸው ግላዲያተር የተባሉ ባለ ሁለት ክንፍ ተዋጊዎች በኅብረት ሳይሆን በተናጠል እየመጡ ከጣሊያን ፊያት ተዋጊዎች ጋር ተጋጠሙ፤ በዚያው ቀንም ብዙዎቹ ወደቁ። ከዚያ በኋላ ሰማዩ የጣሊያን ሆነ። በአጃቢዎቻቸው የተጠበቁት የጣሊያን ቦምብ ጣዮች ተመላልሰው ገላባትን ደበደቡ። ከስሊም 12 ታንኮች አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ተሰነካክለው ቆመው ነበር፤ መለዋወጫቸውን የጫነው መኪናም በቦምብ ተቃጠለ። ስሊም መተማን ሳይይዝ ከገላባት ለቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚህ ውጊያ የቀሩ ብዙ ዝርዝሮች አሉ፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው ያቺ መለዋወጫ የጫነች መኪና ናት። ታንክ እየተተኮሰበት ሊቆም ይችላል፤ ያለ መለዋወጫ ግን የትም አይደርስም። መኪናዋ እንድትቃጠል ያደረገውም ከላይ የነበረው የተዋጊዎች ውጊያ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ። ጣሊያን በባሕርም በየብስም ተከብቦ ነበር፤ አዳዲስ ፊያት ተዋጊዎችን የሚያገኘው ከሊቢያ ተፈታተው በትልልቅ ማጓጓዣ አውሮፕላኖች ሆድ ተጭነው ሲመጡ ብቻ ነበር። እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ግን ሃሪኬን የተባለውን ፈጣን ተዋጊ አስገቡ። በ1933 የካቲትና መጋቢት የጣሊያን አየር ኃይል በየማረፊያው መሬት ላይ እንዳለ ጭምር ተመታ፤ በላያ ላይ ለሠፈሩት ንጉሠ ነገሥትና አርበኞችም ሰማዩ ቀለለ። የካሚዮን ጎማና ነዳጅ ቀድሞውንም ያጠረው የጣሊያን ጦር በቀን መንቀሳቀስ ከበደው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ መመለስም አለበት። ሰማዩ በእንግሊዝ እጅ ከገባ፣ በኤርትራ የነበረው የጣሊያን ምሽግ ከረን ለምን ከሰባት ሳምንት በላይ ቆመ? በዚያ ጊዜ ሁሉ ከአስመራ ወደ ከረን የሚወስደው ሐዲድና መንገድ ከአየር ይመታ ነበር፤ ከረን ግን እስከ መጋቢት 18 ቀን አልተያዘም። ተቃውሞው እውነት አለው። ከአስመራ እስከ ከረን ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ጨለማ ለበሰ ማለት ስንቅ አለፈ ማለት ነበር። ነገር ግን ከረን የሚያሳየው የአየር ድብደባ ከንቱ መሆኑን ሳይሆን ብቻውን አለመብቃቱን ነው። ድብደባው ጣሊያንን አደከመ፤ ምሽጉን የሰበረው ግን ተራራውን የወጣው እግረኛ ነው። በጎጃምም እንዲሁ ሆኗል። በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ የነበሩት የጣሊያን ጦር ሰፈሮች ከአየር ተደብድበዋል፤ በየመንገዱ ግን አርበኞች ነበሩ። ቦምብ የጎዳውን መንገድ የሚጠግነው ሠራተኛ ከጫካ በሚተኮስ ጥይት ከተያዘ፣ ያ መንገድ እውነትም ተዘጋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከ1928ቱ የጣሊያን ወረራ ይነሣል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴ ስትደበደብ፣ በመጋቢት መጨረሻም ከማይጨው የተመለሰው ሠራዊታችን በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ በቦምብና በመርዝ ጋዝ ሲፈጅ፣ የጣሊያን ቦምብ ጣዮች አጃቢ አስፈልጓቸዋልን? አላስፈለጋቸውም። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የነበሯት ጥቂት አውሮፕላኖች ለመልእክትና ለማጓጓዣ እንጂ ለአየር ውጊያ አይሆኑም ነበር። አጃቢ የሚያስፈልገው ከሰማይ የሚገጥም ጠላት ሲኖር ነው፤ እኛ ከምድር ከምንተኩሳቸው ጥቂት ፀረ አውሮፕላን መድፎች በቀር የሚገጥም አልነበረንም። እንዲያም ሆኖ ወደ ሰሜን ግንባር የዘመተው ሠራዊት በሌሊት እየተጓዘ፣ ቀን በዋሻና በዛፍ ሥር እየተጠለለ ግንባሩ ደርሷል። እልቂቱ የከፋው ሠራዊቱ ተሸንፎ፣ በብርሃን፣ ሜዳ ላይ በወጣበት ሰዓት ነው። ያንን ግፍ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ከውጊያ የወጣ ሰው፣ ቁስለኛውን የተሸከመ ሰው፣ ሐይቁ ዳር ውኃ ሊጠጣ ያጎነበሰ ሰው ነበር የተፈጀው።

በ1969 ደግሞ እኛ ራሳችን ሰማዩን ያዝን። የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ ኤፍ 5 ተዋጊዎቻችን ሚግ 21 የያዙትን የሶማሊያ አብራሪዎች በሐምሌና በነሐሴ ረቷቸው። እንደ ኮሎኔል ለገሠ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች ስማቸው የተተከለው በዚያ ጊዜ ነው፤ እሱ በኋላ ተማርኮ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር አሳልፏል። ተዋጊዎቹ ሰማዩን ስላጸዱ፣ ቦምብ የጫኑት አውሮፕላኖች ከሐርጌሳ የሚመጣውን የስንቅና የጥይት መስመር እየተመላለሱ መቱ። ነገር ግን ጅጅጋ መስከረም 2 ቀን 1970 ወደቀች። በአየር እያሸነፍን ከተማ አጣን፤ መሬቱን የሚይዝ በቂ ጦር አልነበረምና። የጅቡቲ ባቡር ሐዲድም የተቋረጠው ድልድዮቹን በፈንጂ ባፈረሱ ሽምቅ ተዋጊዎች እንጂ በአውሮፕላን አልነበረም። የሶማሊያ ጦር ሐረር በር ላይ ሲደርስ ግን መስመሩ ረዝሞ ነበር፤ ዝናቡም መጣ፤ ከላይ የሚወርደው ቦምብ በረዘመው መስመር ላይ ክብደቱ ጨመረ። በምድር የተደራጀው ጦር በካራማራ ተራሮች በኩል ሲያጠቃ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተመለሰች። አንድ ዓይነት የአየር የበላይነት በመስከረም ሽንፈትን አልከለከለም፤ በየካቲት ግን ድልን አገዘ። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ምድሩ ነው።

ከአገራችን ውጭም ቢታይ ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1943 አሜሪካኖች እስከ ዒላማው በሚዘልቅ አጃቢ ሳይጠበቁ ጀርመን ውስጥ ሽቫይንፉርትን ሲደበድቡ በአንድ ቀን 60 ቦምብ ጣዮች አጥተዋል። በ1944 ሙስታንግ የተባለው ረጅም ርቀት የሚሄድ ተዋጊ በብዛት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፤ ከኖርማንዲ ወረራ በፊት የፈረንሳይን ሐዲዶችና ድልድዮች መደብደብም ተቻለ። እዚያም ሐዲዱን ከምድር የሚፈታ የፈረንሳይ አርበኛ ነበር። በቬትናም የታን ሁዋ ድልድይ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ስንት ጊዜ ተደብድቦ ቆሞ ቆይቷል፤ የወደቀው በ1972 በሌዘር የሚመራ ቦምብ ሲመጣ ነው። የዛሬው ድሮንና ሚሳይል አጃቢን ከጥቅም ውጭ አድርጎታል የሚሉ ሰዎች ይህን ድልድይ ይጠቅሳሉ። ዒላማን አንድ ጊዜ መምታት ቀለለ ማለታቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ድልድዩ ከወደቀ በኋላም የቬትናም ስንቅ በጀልባና በተንሳፋፊ ድልድይ ማለፉን አላቆመም።

ይህን ሁሉ ወደ ጉባ ስንመልሰው ቦታው ራሱ ተለውጧል። በ1933 የሚመታ ነገር ያልነበረበት ቆላ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋይ ተጣለበት፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቆ፣ 145 ሜትር ከፍታ ያለውና 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዘው ግድብ ቆሞበታል። መንገድ፣ ድልድይ፣ እስከ ሆለታ የሚዘልቅ ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር መጥቷል። በመስከረም 2013 በግድቡ ላይ መብረር የተከለከለው ይህ ሁሉ ስለሚታይ ነው። ስለ ግንቡ ብዙ ይወራል፤ በእኔ እምነት ግን ግንቡ ከሁሉ ይልቅ የተጠበቀው ክፍል ነው። ከግብፅ ከአስዋን እስከ ጉባ በቀጥታ መስመር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ይህን ርቀት ከአጃቢዎቹ ጋር ደርሶ የሚመለስ ኃይል በአየር ላይ ነዳጅ መቅዳትን ወይም ቅርብ ማረፊያን ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ1994 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮልም ጥቃቱ በሲቪሉ ሕዝብ ላይ ከባድ እልቂት የሚያስከትል ከሆነ ግድቦችን እንዳይመቱ ይከለክላል፤ የተጠራቀመው ውኃ ቢለቀቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠርገው ሱዳንን ነው።

መንገዱ ግን እንዲህ ዓይነት ጋሻ የለውም። በ2012 እና በ2013 ጉባ በሚገኝበት በመተከል ዞን ግጭት ሲስፋፋ ሰዎች ከየቀበሌያቸው ተፈናቀሉ፤ መኪኖች ያለ ወታደር አጀብ ማለፍ የማይችሉባቸው ጊዜያት ነበሩ። በዚያን ጊዜ በጉባ ሰማይ ላይ አንድም የጠላት አውሮፕላን አልታየም። መንገዱን የዘጋው ከሣሩ ውስጥ የተተኮሰ ጠመንጃ ነበር፤ የከፈተውም በምድር ላይ አብሮ የሄደ አጃቢ ነው።