ገደብ ሲፈርስ ዳኛው ማን ነው?

ነገ በየቀበሌው ስንመደብ አንዳንዱ ከባድ ጥያቄ ከክፍል ውጭ ይመጣብናል። አንድ አባት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዘው «መምህር፣ እስቲ አንብብልን። ልጄ በገደብ ነበር የወጣው፤ አሁን አፍርሰሃል ተባለ። ዳኛው ማን ይሆን? የሚያውቀው ሰው እንፈልግ?» ይሉናል። መልሱን ካወቅን እኒህን አባት ከከንቱ ወጪ እናድናቸዋለን።

በመጀመሪያ ገደብ ምንድን ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ ፍርድ ቤት የጥፋተኛውን ቅጣት አግዶ፣ ከሁለት ዓመት በማያንስና ከአምስት ዓመት በማይበልጥ የፈተና ጊዜ ጠባዩን እንዲያይ ይፈቅዳል። እንግዲህ በገደብ መለቀቅ በነጻ መለቀቅ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

እንበልና አንድ ሰው በባቲ የሰኞ ገበያ ተጣልቶ ሰው ደበደበ። የወረዳው ፍርድ ቤት አንድ ዓመት ቀላል እስራት ፈረደበት፤ ካሣ እንዲከፍልና ተበዳዩ ቤት እንዳይደርስ አዝዞ ቅጣቱን በሁለት ዓመት ገደብ አገደለት። ሰውየው ትእዛዙን ቢጥስ ጉዳዩ የሚመለሰው ገደቡን ወደ ሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ለዚህ ተብሎ የተለየ ዳኛ የለም። መዝገቡም የፍርድ ቤቱ እንጂ የዳኛው የግል ንብረት ስላልሆነ፣ የፈረደው ዳኛ ተዛውሮ ከሆነ የተተካው ዳኛ ያየዋል።

ሹመትና ምደባም ይለያያሉ። ዳኛን የሚሾመው፣ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅራቢነት፣ የክልሉ ምክር ቤት ነው። መዝገቡን ለዚህ ወይም ለዚያ ችሎት መምራት ግን የፍርድ ቤቱ የውስጥ አስተዳደር ሥራ ነው። ባለጉዳይ ዳኛ አይመርጥም። ሽማግሌም ቢሆን ባላንጣዎችን ያስታርቃል እንጂ ዳኛ አይመድብም። በአሜሪካ በብዙ ፍርድ ቤቶች መዝገብ በዕጣ የሚደለደለው ይህንኑ ምርጫ ከሰው እጅ ለማውጣት ነው።

ታዲያ ዳኛው የተበዳዩ ዘመድ ቢሆንስ? ያን ጊዜ መፍትሔው አማላጅ መላክ ሳይሆን፣ ምክንያቱን ገልጾ ዳኛው ከችሎቱ እንዲነሣ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ነው። ዳኛውም ራሱ ምክንያቱን ካወቀ ሳይጠየቅ መነሣት አለበት።

የቋንቋም ነገር አለ። የዞናችን የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ተከሳሹ አፋርኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ሆኖ የችሎቱን ቋንቋ ካላወቀ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። ይህን መጠየቅ መብት ነው፤ ልመና አይደለም።

በመጨረሻም፣ መጥሪያ መጣ ማለት እስር ቤት ተገባ ማለት አይደለም። ትእዛዙን ለጣሰ ሰው ማስጠንቀቂያ አለ፤ እምቢ ብሎ ከቀጠለ ግን ገደቡ ሊነሣበት ይችላል። ሆን ብሎ አዲስ ወንጀል ከሠራ ደግሞ የታገደው ቅጣት ይፈጸምበታል፤ ለአዲሱም ለብቻው ይጠየቃል። ስለዚህ ካሣውን ያልከፈለው ሰብሉ ጠፍቶበት ከሆነ፣ ቀጠሮው ቀን ቀርቦ ማስረዳት አለበት። ከቀጠሮ የቀረ ሰው ምክንያቱን ማን ይናገርለታል?

እንግዲህ አባትዬው ሲመጡ እንዲህ እንበላቸው፦ «አባቴ፣ ዳኛ የሚያውቅ ሰው ፍለጋ ገንዘብዎን አይጨርሱ። ልጅዎ በቀጠሮው ቀን የካሣውን ደረሰኝ ይዞ ይቅረብ።»